ስኖርክሉ ይቀየር ወይስ ይቆይ? ክረምት ከመግባቱ በፊት ለፒክአፕ ባለንብረቶች

ሰኔ ሲቃረብ ፒክአፕ መኪናውን ይዞ ወደ ጋራዥ የሚያመራው ባለንብረት ቁጥር ይጨምራል። ጎማ የሚያስቀይር አለ፤ ፍሬን የሚያስፈትሽ አለ፤ ዘይት የሚያስለውጥም አለ። በዚህ መካከል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ከመኪናው ጎን ተነሥቶ እስከ ጣሪያው የሚዘልቀው የአየር መሳቢያ ቱቦ፣ በተለምዶ ስኖርክል የሚባለው፣ በተሻለ ይቀየር ወይስ ያለው ይበቃል?

ጥያቄው የጌጥ ጉዳይ አይደለም። በገጠሩ ፒክአፕ እህል ወደ ገበያ፣ ማዳበሪያ ወደ ማሳ፣ ምጥ የያዛትን እናት ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። በወንዝ መካከል ሞተሩ ውኃ ቢጠጣ የዓመት ልፋት ዋጋ ለጥገና ሊውል ይችላል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ቱቦውን ተማምኖ ወደ ሞላ ወንዝ የገባ ሰው ሕይወት ነው።

ስለዚህ ከውሳኔው በፊት አንድ ነገር መታወቅ ይኖርበታል። ስኖርክል የሞተሩን አፍንጫ ከፍ ያደርጋል፤ ወንዙን ግን ዝቅ አያደርግም። ይህን የተረዳ ባለንብረት ገንዘቡን የት ማዋል እንዳለበት ለመወሰን አይቸገርም።

ስኖርክል ምን ይሠራል?

ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነው። በላንድክሩዘር መኪናዎች ላይ በብዛት የሚገኘው 1 ኤችዜድ የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር 4 ሺህ 164 ሲሲ መጠን አለው። ይህ ሞተር በደቂቃ 2 ሺህ ጊዜ ሲዞር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ3 ሺህ ሊትር በላይ አየር ይስባል። ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል 15 ጊዜ እንደ መሙላት ነው።

ስኖርክል በሌላቸው በአብዛኞቹ ፒክአፖች አየሩ የሚሳበው ከፊት ጎማው በላይ በፓራፋንጎው ውስጥ ከተሰወረ ቀዳዳ ወይም ከፊት መብራቱ አካባቢ ነው። ቦታው ለደረቅ አስፋልት ይስማማል። በኮረኮንች መንገድ ግን ከፊት ያለው መኪናና የራሱ ጎማ የሚያስነሡት አቧራ በብዛት የሚደርሰው እዚያው ላይ ነው። መኪናው ወደ ውኃ ሲገባም ከፊቱ የሚገፋው ማዕበል በመጀመሪያ የሚያገኘው ይህንኑ ቀዳዳ ነው።

ስኖርክል ይህን መግቢያ ወደ ጣሪያው ከፍታ ያወጣዋል። ዝሆን ጥልቅ ውኃ ሲሻገር ኩምቢውን ሽቅብ እንደሚያነሣው ማለት ነው። የሚገባው አየር ከጎማው አቅራቢያ ካለው ይልቅ ንጹሕ ነው፤ ከውኃም የራቀ ነው። ከዚህ የዘለለ ተግባር የለውም።

ግማሽ ሲኒ ውኃ የሚያደርሰው ጥፋት

ውኃ ወደ ሞተር መግባቱ ለምን ይህን ያህል ይፈራል? መልሱ ቀላል ነው፤ አየር ይታመቃል፣ ውኃ ግን አይታመቅም።

ከላይ በተጠቀሰው ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር 694 ሲሲ ያህል አየር ይስባል። ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲወጣ ይህን አየር ከ22 እጥፍ በላይ አምቆ 32 ሲሲ ገደማ ወደምትሆን ጠባብ ክፍተት ይሰበስበዋል። 32 ሲሲ ማለት ግማሽ የቡና ሲኒ እንኳን በቅጡ የማይሞላ ፈሳሽ ነው። ከዚያ የሚበልጥ ውኃ ሲሊንደሩ ውስጥ ከገባ ፒስቶኑ መውጫ ያጣል። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየዞረ ከሆነ ደግሞ ፒስቶኑን የሚገፋው ቢየላ ይጣመማል ወይም ይሰበራል። አንዳንድ ጊዜ የተሰበረው ቢየላ የሞተሩን ግድግዳ ቀዶ ይወጣል።

እንዲህ ያለ ጉዳት በጽዳት አይመለስም። ሞተሩ ወርዶ ሊፈታ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ሞተር መፈለግን ያስከትላል። ውኃ ወዳለበት ቦታ ደጋግሞ ለሚጓዝ ሰው ጥሩ ስኖርክል ዋጋ እንዳለው የሚያጠራጥር አይደለም። አከራካሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የመሻገሪያውን ልክ የሚወስነው ማን ነው?

አምራቾች መኪናቸው ሊሻገረው የሚችለውን የውኃ ጥልቀት ያስታውቃሉ። ቶዮታ ከ2015 (እ.አ.አ) ወዲህ ለተሠራው ሃይሉክስ የሰጠው ልክ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። ፎርድ ለሬንጀር 80 ሴንቲ ሜትር ብሏል። የሃይሉክስ ጎማ ቁመቱ 77 ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ 70 ሴንቲ ሜትር ውኃ ጎማውን ሊሸፍነው ጥቂት ይቀረዋል። ስኖርክል መግጠም ይህን ልክ አይጨምረውም። ልኩን የሚወስነው የአየር መግቢያው ብቻ ስላልሆነ ነው። ዲናሞው፣ ሞተሪኖው፣ የኤሌክትሪክ መስመሮቹ፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል መተንፈሻዎች ሁሉ ከጣሪያው በታች ናቸው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ልክ የተቀመጠው ለተኛ ወይም በዝግታ ለሚሄድ ውኃ ነው። የሚወርድ ጎርፍ የራሱ ሕግ አለው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለአሽከርካሪዎች በሚሰጠው ማስጠንቀቂያ መሠረት በፍጥነት የሚወርድ 15 ሴንቲ ሜትር ውኃ ጎልማሳ ሰውን ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው አብዛኞቹን አነስተኛ መኪናዎች ይወስዳል። 60 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ደግሞ ፒክአፕንና ሌሎች ከባድ የቤት መኪናዎችን ጭምር ሊያንሳፍፍ ይችላል።

እነዚህን ቁጥሮች ማነጻጸር ያስፈልጋል። በኃይል የሚወርድ ወንዝ መኪናውን የሚወስደው ውኃው 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ነው። የሃይሉክስ ልክ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። የስኖርክሉ አፍ ያለው ደግሞ ከዚያ ብዙ ከፍ ብሎ ጣሪያው አጠገብ ነው። ስለዚህ ጎርፉ አሽከርካሪውንና ተሳፋሪዎቹን ይዞ የሚሄደው ስኖርክሉ አንድ ጠብታ ውኃ ሳይነካው ነው። ቱቦውን በእጥፍ ማስረዘም ይህን እውነታ አይለውጠውም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል። መኪናው በውኃ ውስጥ በሰጠመ ቁጥር ውኃው በዚያው ልክ ሽቅብ ያነሣዋል፤ ጎማው መሬት መቆንጠጥ ያቅተዋል። ከጎን የሚገፋው ኃይል ደግሞ የውኃው ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በአራት እጥፍ ያድጋል። ባዶ ፒክአፕ ከኋላው ቀላል በመሆኑ በመጀመሪያ የሚንሳፈፈው ጭራው ነው። ኋላው ወደ ታች ሲዞር መሪ ብቻውን አይመልሰውም።

በአካባቢያችን የዚህን አደጋ ጠባይ የሚያሳዩ ወንዞች ጥቂት አይደሉም። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተራራ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። የጉና ጫፍ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው ጣና የሚገኘው በ1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመሆኑም ጉና ላይ የዘነበው ዝናብ ፎገራ ላይ ፀሐይ እያለ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ጠዋት በጉልበት ልክ የተሻገሩት ወንዝ ከሰዓት ሌላ ወንዝ ነው። በመተማና በቋራ ቆላ የሚወርዱት ጓንግና ሽንፋም ከደጋው የሚመጣውን ውኃ ይዘው የሚሞሉ ናቸው። ሰማዩን አይቶ ወደ ወንዝ መግባት ስለማይበቃ ከላይኛው ተፋሰስ ያሉ ሰዎችን በስልክ መጠየቅ ከማንኛውም መሣሪያ የተሻለ ጥበቃ ነው።

ስኖርክል በበጋ የበለጠ ይሠራል

ብዙ ሰው ስኖርክልን ከወንዝ ጋር ብቻ አያይዞ ያስበዋል። አንድ ፒክአፕ በዓመት ውስጥ በውኃ የሚያልፈው ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ዝናብ እስኪመለስ ድረስ ወራቱን ሙሉ የሚጓዘው በአቧራ ውስጥ ነው። ደቃቅ አቧራ የአየር ማጣሪያውን (ፊልትሮውን) አልፎ ከገባ ሲሊንደሩንና የፒስቶን ቀለበቶችን እንደ አሸዋ ወረቀት ይሞርዳል። ተርቦ ያለው ሞተር ከሆነ የተርቦውን ምላጮች ይበላል። ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል፤ ጉልበቱ ይደክማል፤ ጢሱ ይበዛል። ይህ ጉዳት ድምፅ ስለሌለው ባለንብረቱ ዘግይቶ ነው የሚያውቀው።

ትራክተር ያለው አርሶ አደር መፍትሔውን ከዚህ ቀደም ያውቀዋል። በብዙ ትራክተሮች ኮፈን ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመው የአየር ቱቦ ጫፍ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው ክዳን ይታያል። አየሩ በውስጡ ሲሽከረከር ከባዱ አቧራ ወደ ዳር ተወርውሮ ከመሳቢያው ይለያል። ወደ ፊልትሮው የሚደርሰውም የቀለለ አየር ይሆናል። ለፒክአፕ ስኖርክልም በዚሁ አሠራር የሚሠሩ የቅድመ ማጣሪያ ራሶች አሉ። በአቧራማ ቆላ ለሚሠራ ሰው ሙሉውን ስኖርክል ከመቀየር ይልቅ ራሱን ብቻ መቀየር የሚበቃበት ጊዜ አለ። በፍጥነት ለሚጓዝ መኪና ግን ይህ ራስ የአየሩን ፍሰት በመጠኑ ስለሚይዘው በረዥም የአስፋልት ጉዞ ወደ መደበኛው ራስ መመለስ ይመረጣል።

ይሁን እንጂ የትኛውም ራስ ፊልትሮን አይተካም። ርካሽ ፊልትሮ የገጠመ ውድ ስኖርክል ትርፉ ትንሽ ነው። ፊልትሮው ሲጸዳ አየር ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ መነፋት አለበት። በኃይለኛ ኮምፕሬሰር ቀርቦ መንፋት ወረቀቱን ይቀደዋል፤ ከዚያ በኋላ አቧራው ያለ ከልካይ ያልፋል። አንድ ጊዜ በውኃ የራሰ የወረቀት ፊልትሮም ደርቆ ቢታይ እንኳን መቀየሩ ይሻላል።

ያለው ስኖርክል ይበቃ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ከፋብሪካ ጋር የመጣም ሆነ በጋራዥ የተገጠመ ስኖርክል ሁሉ ውኃ ይከላከላል ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ የታሰቡት ለአቧራ ብቻ ነው፤ መጋጠሚያቸው አየር ያስተላልፋል። አየር የሚያስተላልፍ ቀዳዳ ውኃ ሲያገኝ ውኃም ያስተላልፋል። እንዲያውም የሞተሩ የመሳብ ኃይል ውኃውን ጎትቶ ያስገባዋል። ስለዚህ አዲስ ከመግዛት በፊት ያለውን መፈተሽ ተገቢ ነው። ፍተሻው ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የመጀመሪያው የዓይን ፍተሻ ነው። ቱቦው በፀሐይ ነጥቶ ወይም ተሰነጣጥቆ እንደሆነ ይታያል። ሁለት ግማሾች ተጣብቀው የተሠራ ከሆነ የተጣበቀበት መስመር መከፈት አለመከፈቱ ይመረመራል። ራሱን አውልቆ በስልክ መብራት ውስጡን ማየት፣ ከውጭም በመብራት ማገዝ ስንጥቁን ያጋልጠዋል።

ሁለተኛው የመዝጊያ ሙከራ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሳይሰጠው ባለበት እየዞረ ሳለ የስኖርክሉ አፍ በጠፍጣፋ ጣውላ ወይም በወፍራም ጎማ ይዘጋል። እጅን ወይም ጨርቅን መጠቀም አይገባም፤ የመሳብ ኃይሉ ከፍተኛ ነው። ቱቦው ደኅና ከሆነ ሞተሩ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይንተፋተፋል ወይም ይጠፋል። ምንም እንዳልተፈጠረ መዞሩን ከቀጠለ ግን አየር ከሌላ ቦታ እያገኘ ነው። ያ ቦታ ምናልባት በኮፈኑ ሥር፣ ውኃ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ይሆናል። ሙከራውን ልምድ ያለው መካኒክ ባለበት፣ ሞተሩ ባለበት ሲዞር ብቻ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የነጭ ጨርቅ ፍተሻ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ይፈታና ውስጡ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠረጋል። ጨርቁ ላይ አቧራ ከተገኘ ፊልትሮው ወይም ከእርሱ በኋላ ያለው መጋጠሚያ ያስተላልፋል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ክረምት ሳይጠበቅ በዚያው ቀን መታረም ያለበት ጉድለት ነው።

በመጨረሻም የፊልትሮው ቤት ይታያል። ከታቹ ውኃ እንዲያፈስ የተሠራች ትንሽ የጎማ ከንፈር ያላቸው መኪናዎች አሉ። ከንፈሯ ከደረቀች ወይም ከወደቀች ቀዳዳው ክፍት ይሆናል፤ ስኖርክሉ ምንም ያህል ቢረዝም ውኃው በታች በኩል ይገባል።

በብዙ መኪናዎች ላይ እነዚህ ጉድለቶች የሚስተካከሉት በጥቂት የጎማ ቀለበት፣ በቱቦ ማጥበቂያና ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ነው። ሙከራውን ያለፈ ስኖርክል መልኩ ቢያረጅም ሥራውን ይሠራል። ያላለፈ ደግሞ አዲስ ቢሆንም አይሠራም።

መቀየር ካስፈለገ ምን ይታይ?

ቱቦው የተሰበረ፣ የማይጠገን ስንጥቅ ያለው ወይም ከመጀመሪያው ለጌጥ ብቻ የተሠራ ከሆነ መቀየሩ ትክክል ነው። ጭራሽ ስኖርክል የሌለው፣ አየር ከፓራፋንጎው የሚስብና በየጊዜው በውኃ ወይም በከባድ አቧራ የሚያልፍ መኪናም እንዲሁ።

በምርጫው ጊዜ ከስፋቱ ይልቅ መጋጠሚያው ይታይ። ሻጮች ባለ 4 ኢንች ቱቦ ከባለ 3 ኢንች የበለጠ ጉልበት ይሰጣል ሲሉ ይሰማል። የ4 ኢንቹ ቱቦ አፍ ከ3 ኢንቹ በ78 በመቶ ገደማ እንደሚሰፋ እውነት ነው። ነገር ግን አየሩ የሚያልፈው በመስመሩ ላይ ባለው እጅግ ጠባብ ቦታ ልክ ነው። ከስኖርክሉ በታች ያለው ቱቦና የፊልትሮው ቤት እንደ ነበሩ ከቆዩ የላይኛውን ማስፋት የሰፊ ማሰሮ ውኃ በጠባብ አንገት እንደ መቅዳት ነው። ሞተሩ ላይ ሌላ ለውጥ ላላደረገ ባለንብረት የጉልበት ልዩነቱ የሚሰማ አይሆንም፤ የሚሰማው የመሳቢያው ድምፅ ወደ ካቢኑ መቅረቡ ነው።

የተሠራበት ነገርም ይመረመራል። ፀሐይን እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ጥሩ ፕላስቲክ ቅርንጫፍ ሲመታው ተጣጥፎ ይመለሳል። ርካሹ ግን በጥቂት ዓመት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ብረት ጠንካራ ነው፤ ብየዳው ግን ፈጽሞ የማያስተላልፍ መሆን አለበት። ውስጡ የሚዝግ ከሆነም የዝገቱ ቅርፊት ወደ ፊልትሮው ይወርዳል። ከመኪናው ሞዴል ጋር በትክክል የማይገጥም አስመስሎ የተሠራ ዕቃ በመዶሻና በሲሊኮን ብዛት ቢገጠምም መንገጫገጭ ሲበዛበት ይለቃል።

ገጠማው የማይመለስ ሥራ መሆኑም አይዘንጋ። ፓራፋንጎው ይበሳል፤ የመስኮቱ ምሰሶ በብሎን ይያዛል። የተቆረጠው የቆርቆሮ ጠርዝ ቀለም ካልተቀባ በሚቀጥለው ክረምት መዛግ ይጀምራል። ቱቦው በአሽከርካሪው በኩል የሚወጣ ከሆነ ወደ ጎን ያለውን እይታ በጥቂቱ ይጋርዳል። መኪናው ገና በዋስትና ላይ ከሆነ ሻጩን፣ የአካል ለውጡ የዓመት ምርመራ ላይ ጥያቄ ያስነሣ እንደሆነም የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመድን ውሉንም ማንበብ ይገባል። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን በራስ መኪና ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም።

ከስኖርክል የሚቀድሙ ጥቃቅን ሥራዎች

በውኃ የሚያልፍ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የዲፈረንሻልና የካምቢዮ መተንፈሻ ነው። መኪናው ረዥም መንገድ ሲጓዝ በውስጣቸው ያለው ዘይትና አየር ይግላል። የጋለው ዲፈረንሻል በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ከውጭ መሳብ ይጀምራል። መተንፈሻው ውኃ ውስጥ ካለ የሚስበው ውኃ ነው። ውኃ የተቀላቀለው ዘይት እንደ ወተት ይነጣል፤ ማለስለሱም ያበቃል። ጥርሶቹና ኩሽኔታዎቹ ከሳምንታት በኋላ ሲያልቁ ባለንብረቱ ከወንዙ ጋር አያያይዘውም።

መፍትሔው እጅግ ርካሽ ነው። መተንፈሻዎቹን በቀጭን የነዳጅ ጎማ ቱቦ አስረዝሞ ወደ ኮፈኑ ውስጥ ከፍ ወዳለ ቦታ ማድረስ ነው። በብዙ መኪናዎች ላይ ይህ ሥራ ከአዲስ ስኖርክል ቀድሞ ሊሠራ የሚገባው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የባትሪው መታሰር፣ የጎማው ጥርስ፣ የመጎተቻ ገመድና ገመዱ የሚታሰርበት ጠንካራ መንጠቆ ይፈተሻሉ። ውኃ ውስጥ ለቆመ መኪና የመጀመሪያው ረዳት ገመድ ነው።

ሦስት ባለንብረቶች፣ ሦስት ውሳኔዎች

ውሳኔው ከመኪናው ይልቅ የሚመሠረተው በመንገዱ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በከተማና በአስፋልት የሚሠራ፣ አልፎ አልፎ ወደ ገጠር የሚወጣ ነጋዴ ያለውን ስኖርክል አስፈትሾ፣ ጥሩ ፊልትሮ ገዝቶ ቢቀር ገንዘቡ አይባክንም። ስኖርክል ከሌለውም የግድ አያስፈልገውም።

በፎገራና በደንቢያ ሜዳ ሩዝና ሌላ ምርት የሚያመላልስ አርሶ አደር ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚገጥመው በአብዛኛው መንገድ ላይ የተኛ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ውኃና ጭቃ ነው። እዚህ ላይ የመዝጊያ ሙከራውን ያለፈ ተራ ስኖርክል ይበቃል። የተረፈው ገንዘብ ለመተንፈሻዎቹ፣ ለጎማና ለግራሶ ቢውል ይሻላል። ሙከራውን ካላለፈና ካልተጠገነ ግን ይቀየር።

በመተማና በቋራ ቆላ ሰሊጥ የሚያለማ ባለሀብት ሁለቱም ችግሮች አሉበት። በበጋ ዱቄት የመሰለ አቧራ፣ በክረምት ደግሞ መረሬ ጭቃና ወንዝ አለ። የቅርቡ ጋራዥም ሩቅ ነው። በደንብ የሚገጥም ጥሩ ስኖርክል ከነቅድመ ማጣሪያው ዋጋውን የሚመልሰው እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ነው። እርሱም ቢሆን ግን የሞላ ወንዝ ሲያጋጥመው እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ይጠብቃል።

በውኃው ዳር እና በውኃው ውስጥ

ማንኛውም አሽከርካሪ ወደ ውኃ ከመግባቱ በፊት ይቁም፤ ይውረድ፤ ይመልከት። ውኃው የደፈረሰና እንጨት ወይም ቅጠል ይዞ የሚወርድ ከሆነ፣ ከቀድሞው እየጨመረ ከሆነ ወይም የመሻገሪያው ወለል ታጥቦ እንደሆነ ማወቅ ካልተቻለ አይገባም። ሰው ቆሞ ሊሻገረው የማይችለው ወራጅ ውኃ ውስጥ መኪናም አይግባ። በጭነት ቦታው ላይ ሰዎች ተቀምጠው መሻገርም ከቶ አይገባም።

ውኃው የተኛና ጥልቀቱ በእንጨት ተለክቶ የታወቀ ከሆነ ወደ ዝቅተኛው ፎር ዊል ተለውጦ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ይገባል። በመሃል ማርሽ አይቀየርም፤ ፍሪሲዮንም አይረገጥም። በፍጥነት መግባት ማዕበሉን በኮፈኑ ላይ ያስነሣል፤ ማራገቢያውንም ወደ ራዲያተሩ ሊያጣምመው ይችላል።

ሞተሩ ውኃ ውስጥ ከጠፋ ደግሞ ትልቁ ስሕተት ቁልፉን እንደገና ማዞር ነው። ሞተሩን ለማስነሣት የሚደረገው ያ ሙከራ ነው ብዙውን ጊዜ ቢየላውን የሚያጣምመው። መጀመሪያ ሰው ይውጣ፤ ከዚያ መኪናው በገመድ ይጎተት። ፊልትሮው ተከፍቶ ይታይ፤ ርሶ ከተገኘ ሞተሩ አይነካም። መካኒክ ኢንጀክተሮቹን ወይም ማሞቂያ ካንዴላዎቹን አውጥቶ ውኃውን እስኪያስወጣና ዘይቱን እስኪለውጥ ድረስ መታገሥ ሙሉ ሞተር ከመግዛት ያድናል።

በሰላም ከተሻገሩም በኋላ ፍሬኑን ቀስ እያሉ በመርገጥ ማድረቅ፣ በማግስቱም የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ዘይት ማየት ያስፈልጋል። የነጣ ዘይት ከታየ ሳይዘገይ ይለወጥ።

እንግዲህ ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። ያለው ስኖርክል ይፈተሽ፤ የሚጠገን ከሆነ ይጠገን፤ መተንፈሻዎቹና ፊልትሮው ይቅደሙ። መንገዱ የሚጠይቅ ሆኖ ያለው የማይሠራ ከሆነ በደንብ የሚገጥም ይገዛ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ጥሩ ቱቦ የገጠመ ሰው ከሌላው ይልቅ ራቅ ብሎ ወደ ውኃው እንዲገባ ልቡ ይነሣሣል። ለሁለት ሰዓት ያህል የወንዝ ዳር ጥበቃ የሚጠይቀው ትዕግሥትን ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከደጋው የወረደው ጎርፍ በዚያ መካከል ይጎድላል።